የመንጋጋ አጥንት ምስክርነት፦ ከኤክስሬይ ፊልም እስከ ሦስት ገጽታ ምስል

በሚያዝያ ወር 1969 ዓ.ም. በዛሬው መስቀል አደባባይ፣ በወቅቱ አጠራር በአብዮት አደባባይ፣ የደርጉ ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ደም መሰል ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን በሕዝብ ፊት ከሰከሱ። በተፋፋመው ቀይ ሽብር ከተገደሉት ወገኖች ብዙዎቹ ስማቸው ሳይመዘገብ በጅምላ ተቀበሩ። በ2002 ዓ.ም. በዚያው አደባባይ በተከፈተው የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የራስ ቅሎችና አጥንቶች በመስታወት ውስጥ ተቀምጠዋል።

የእነዚህን አጥንቶች ባለቤቶች መለየት የሕግ ብቻ ሳይሆን የሕክምናም ጥያቄ ነው። በ1984 ዓ.ም. ልዩ ዐቃቤ ሕግ ከተቋቋመ በኋላ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ መቃብሮችን በመክፈትና አጽሞችን በመመርመር አግዟል። በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ጥርስና መንጋጋ ዋነኛ ማስረጃ ናቸው። የተሞላ ጥርስ፣ የዳነ ስብራት ወይም በአጥንት ውስጥ ያደገ ሲስት ግለሰቡ በሕይወት ሳለ ከተነሣው ኤክስሬይ ጋር ይነጻጸራል።

የዚህ ምስል ታሪክ ረጅም ነው። ሮንትገን ግኝቱን ይፋ ባደረገ በሳምንታት ውስጥ፣ በ1896 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ጀርመናዊው ኦቶ ዋልክሆፍ የገዛ ጥርሱን ለ25 ደቂቃ ለጨረር አጋልጦ አነሣ። ይሁን እንጂ ፊልም ጥልቀትን ጨፍልቆ ያሳያል። ቤንደርና ሴልትዘር በ1961 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ በስፖንጅ መሰሉ የውስጥ አጥንት ብቻ የተወሰነ ጉዳት ጠንካራው የውጭ ሽፋን እስኪነካ ድረስ በፊልም ላይ ላይታይ ይችላል።

ሃውንስፊልድ የሠራው ሲቲ ስካን በ1971 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በታካሚ ላይ ሲውል ይህ እንቅፋት መቃለል ጀመረ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በጣሊያንና በጃፓን የቀረበው ኮን ቢም ሲቲ ደግሞ ለመንጋጋ ተስማሚ ሆነ። ሐኪሙ አሜሎብላስቶማ ሽፋኑን የት እንደበሳ፣ ከታችኛው መንጋጋ ነርቭ ቦይ ምን ያህል እንደራቀ፣ ቀዶ ሕክምናው እስከ የት መድረስ እንዳለበት አስቀድሞ ያያል። አጽም ሲመረመርም ዳርቻው የለሰለሰ ሕያው አጥንት ያደረገውን ጥገና፣ ስለታም ዳርቻ ያለው ግን በሞት ጊዜ ወይም ከዚያ በኋላ የደረሰ ጉዳትን ያመለክታል።

ይሁን እንጂ የሚነጻጸር ቀዳሚ ምስል ከሌለ እጅግ የረቀቀው መሣሪያም ስም አይመልስም። ስለዚህ በክሊኒክ መደርደሪያ በቀንና በስም ተለይቶ የተቀመጠ አንድ የመንጋጋ ምስል ዛሬ ለሕክምና፣ ነገ ደግሞ ለቤተሰብ እርም ማውጫ ሊሆን ይችላል።