አምራቹ ፊቱን ያዞረበት መሣሪያ፤ የዊንዶውስ ኤክስፒ ታሪክ

ለእኛ ለመሐንዲሶች የአንድ መሣሪያ ዕድሜ የሚያልቀው ጥርሱ ሲሟጠጥ፣ ብረቱ ሲበላ፣ ወይም ሞተሩ ሲቃጠል ነው። ከእነዚህ አንዱም ሳይደርስበት፣ ጠዋት እንደ ወትሮው ተነሥቶ ሥራውን የሚሠራ መሣሪያ «ዘመኑ አልፏል» ሲባል ለመቀበል እንቸገራለን። ይሁንና ኮምፒዩተር በየፋብሪካውና በየቢሮው ከገባ ወዲህ እንዲህ ያለው ሞት የተለመደ ሆኗል፤ መሣሪያው ሳይበላሽ ሠሪው ከጎኑ ይለያል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ነገር ጎልቶ የታየበትን የዊንዶውስ ኤክስፒን ታሪክ ለሙያ ባልደረቦቼ ማስታወስ ነው። ቀኖቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ዊንዶውስ ኤክስፒ ለገበያ የቀረበው ጥቅምት 15 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የማይክሮሶፍት ኩባንያ ለቤትና ለመሥሪያ ቤት የሚያዘጋጃቸው ሥርዓቶች በሁለት የተለያዩ መሠረቶች ላይ የቆሙ ነበሩ። ኤክስፒ ግን ኤን.ቲ. የተባለውን የመሥሪያ ቤቱን ጠንካራ መሠረት ለቤት ተጠቃሚም አወረሰ። ጥንካሬው ግን ከአደጋ አላዳነውም። በነሐሴ 1995 ዓ.ም. ብላስተር የተባለው ተንቀሳቃሽ ቫይረስ በየአገሩ አውታር እንደ ሰደድ እሳት ሲዛመት ኩባንያው ደነገጠ፤ በተከታዩ ዓመት ክረምት ሰርቪስ ፓክ 2 የተባለውን ሰፊ ማሻሻያ ሲያወጣም መከላከያ ግንቡ ከመጀመሪያው በርቶ እንዲነሣ አደረገ።

ተተኪው ቪስታ ለሕዝብ የቀረበው ጥር 22 ቀን 1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ በነባር ኮምፒዩተሮች ላይ ስለ ከበደ ብዙ ተጠቃሚ ፊት ነሣው። እንዲያውም ኔትቡክ የሚባሉት አነስተኛና ርካሽ ኮምፒዩተሮች ቪስታን መሸከም ስላልቻሉ ኩባንያው ራሱ ለእነርሱ ኤክስፒን መሸጡን ቀጠለ። ስለዚህ በኋላ ተጠቃሚው «ለምን ከአሮጌው ጋር ተጣበቅህ?» ተብሎ ሲወቀስ፣ ከወቀሳው ከፊሉ ለሻጩም መድረስ ነበረበት ባይ ነኝ። ዋናው ድጋፍ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ቆመ፤ የደኅንነት ማሻሻያ ብቻ የሚሰጥበት ተጨማሪው ዘመንም መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. አበቃ።

ድጋፍ ተቋረጠ ማለት ምን ማለት ነው? በማግስቱ ኮምፒዩተሮቹ እንደ ወትሮው ተነሡ፤ አንዳችም ነገር የተለወጠ አልመሰለም። አደጋው ያለው ከዚህ ላይ ነው። ኩባንያው በፈረንጆች ወር በሁለተኛው ማክሰኞ ለሚደግፋቸው ሥርዓቶች ማሻሻያ ያወጣል። አዲሶቹ ሥርዓቶች ከአሮጌው የወረሱት ብዙ ነገር ስላለ፣ በአዲሱ ላይ የሚደፈነው ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ በአሮጌውም ላይ ይገኛል። ማሻሻያውን የሚመረምር አጥቂ ቀዳዳው የት እንደ ነበር ይረዳል። በአዲሱ ላይ በሩ ሲዘጋ በአሮጌው ላይ ለዘለዓለም ክፍት እንደሆነ ይቀራል፤ አድራሻውም ለሁሉ የታወቀ ይሆናል። እንግዲህ ድጋፍ የተቋረጠበት ሥርዓት ባለበት አይቆምም፤ ወር በወጣ ቁጥር ይዳከማል።

ይህን የተረዱ ሁሉ መለወጥ አልቻሉም። የብሪታንያ መንግሥት ለአንድ ዓመት ተጨማሪ ድጋፍ ወደ 5.5 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለ፤ የሕክምና ተቋማቱም እስከ ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ከኤክስፒ የሚወጡበትን ዕቅድ እንዲያዘጋጁ ተጻፈላቸው። ችግሩ የጸሐፊዎቹ ኮምፒዩተር ብቻ አልነበረም። የራጅና የማግኔት ምስል ማንሻዎችን በመሰሉ ውድ መሣሪያዎች ሆድ ውስጥም ኤክስፒ ተቀምጦ ነበር፤ የመሣሪያው ባለቤት ደግሞ ሥርዓቱን በራሱ እጅ መለወጥ አይችልም። ነገሩን የሚያወሳስበው፣ በመሣሪያ ውስጥ ለሚገጠመው የኤክስፒ ዓይነት ድጋፉ የተቋረጠው ዘግይቶ፣ በጥር 2008 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ስሙ አንድ፣ የሞት ቀኑ ሁለት።

መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ፋይል በአውታር ለመለዋወጥ በሚያገለግለው አሮጌ ዘዴ ላይ የተገኘን ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ ለሚደገፉት ሥርዓቶች አወጣ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት የተሰረቀው የዚሁ ቀዳዳ መክፈቻ በአደባባይ ተበተነ። ዓርብ ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ተነሣ፤ ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ ከ236 የጤና ተቋማት ቡድኖች 81ዱ ታወኩ፤ በሺህ የሚቆጠሩ የሕክምና ቀጠሮዎች ተሰረዙ፤ በአምስት አካባቢዎች ድንገተኛ ሕሙማን ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላኩ። የቫይረሱን ግስጋሴ የገታው አንድ ወጣት ተመራማሪ ነበር፤ በቫይረሱ ውስጥ ተጽፎ ያገኘውን፣ ማንም ያልያዘውን የኢንተርኔት አድራሻ በስሙ አስመዘገበና መዛመቱ ቆመ። ማይክሮሶፍትም ሦስት ዓመት ሙሉ ፊቱን ላዞረበት ለኤክስፒ ማሻሻያ ለማውጣት ተገደደ።

ብዙዎቻችን በዚያን ሰሞን ጥፋቱን ሁሉ በኤክስፒ ላይ ጫንን። በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን ከተጠቁት ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 የሚያስኬዱ መሆናቸውን አሳየ። ድጋፍ ያልተቋረጠባቸው፣ ማሻሻያውም የወጣላቸው፣ ነገር ግን ሁለት ወር ሙሉ ያልጫነላቸው ሰው ያላገኙ ነበሩ። አሮጌን መሣሪያ ከአገልግሎት ማስወጣት ያስፈልጋል ብዬ ብከራከርም፣ አዲስ መግዛት በራሱ መድኃኒት ነው የሚለውን ክርክር ይህ ማስረጃ እንደሚያፈርሰው አልክድም።

በዚያ ጊዜ እኔ በአንድ ፋብሪካ የጥራት መቆጣጠሪያ ላቦራቶሪ እሠራ ነበር። ብረት ስበን የምንፈትንበት ከውጭ የመጣ ማሽን ነበረን። አካሉ ጤናማ፣ የኃይል መለኪያው በየጊዜው የሚስተካከል፣ ዘይቱም የማያንጠባጥብ ነበር። የሚቆጣጠረው ኮምፒዩተር ግን ያለ ኤክስፒ የማይሠራ ካርድ ተሰክቶበታል። ለአምራቹ ብንጽፍ ካርዱ መሠራቱን እንዳቆመና ሙሉ ማሽኑን ብንለውጥ እንደሚሻል መለሰልን። ለአንድ መዳፍ ለማታህል ካርድ ሲባል ብዙ ኩንታል ብረት ጣሉ ማለት ነው፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ።

ከዚያ ዓርብ በኋላ ሰኞ ጠዋት ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ከኮምፒዩተሩ ጀርባ የአውታሩን ገመድ መንቀል ሆነ። ዋናክራይ የሚዛመተው በአውታር ነውና ይህ ለእርሱ ይበቃ ነበር፤ ፍላሽ ይዞ የሚመጣው ሌላው ቫይረስ ግን ስላላመነን ፍላሽ መሰካቱንም ከለከልን። ውጤቱን በወረቀት እያተምን በሌላ ኮምፒዩተር እንደገና በእጅ እንጽፍ ጀመር። የሥራ ጓደኞቼ አጉረመረሙ፤ እውነት አላቸው፣ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ መጻፍ ስሕተት ይወልዳል። በዚህ ሁኔታ ሁለት ዓመት ያህል ከቆየን በኋላ አካሉን ሳንነካ መቆጣጠሪያውን ብቻ የሚለውጥ ሌላ ድርጅት ተገኘ። በጨረታው ሰነድ ላይ «ድጋፋችሁ እስከ ስንት ዓ.ም. ይዘልቃል?» የሚል አንድ መስመር ጨመርን። ከአምስት ተጫራቾች ዓመቱን በቁጥር የጻፉት ሁለት ብቻ ነበሩ።

አዲሱ መቆጣጠሪያ የመጣው ከዊንዶውስ 10 ጋር ነው። የእርሱም መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ተቋርጧል። ቀኑ ከማሽኑ የጥገና መዝገብ ፊት ላይ ከመጀመሪያው ተጽፎ ስለ ነበር፣ በዚህ ጊዜ ገመዱ የተነቀለው አንድ ሳምንት ቀድሞ ነው።