ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ተገልጋዮች የማረፊያ ሰፈር አመራረጥ

በርካታ ዜጎች ከክልል ከተሞችና ከገጠር ወረዳዎች ለሕክምና፣ ለፍርድ ቤት ክርክር፣ ለፓስፖርት፣ ለሰነድ ማረጋገጫና ለንግድ ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ይመጣሉ። አብዛኞቹ ጉዳያቸውን በአንድ ቀን ስለማይጨርሱ አልጋ መያዝ ግድ ይሆንባቸዋል። በዚህ ጊዜ በቅድሚያ የሚጠየቀው የአልጋው ዋጋ ነው። ሆኖም የተገልጋዩን ጠቅላላ ወጪና ድካም፣ ቀጠሮውን በሰዓቱ ማክበር መቻሉንም ጭምር በእጅጉ የሚወስነው አልጋው የሚገኝበት ሰፈር ነው። በርካሽ የተያዘ አልጋ ከጉዳዩ ቦታ ሲርቅ የተቆጠበው ገንዘብ በትራንስፖርት ያልቃል፤ ሕመምተኛ ይደክማል፤ ለወራት የተጠበቀ ቀጠሮም ሊያልፍ ይችላል። በመሆኑም የማረፊያ ምርጫ መነሻ ሊሆን የሚገባው ጉዳዩ የሚፈጸምበት ቦታ ነው።

ከመነሳት በፊት መጣራት ያለባቸው ጉዳዮች

በመጀመሪያ ጉዞው አስፈላጊ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ቀደም ሲል በአዲስ አበባ ብቻ ይሰጡ ከነበሩ አገልግሎቶች አንዳንዶቹ ዛሬ በክልል ከተሞችም ይሰጣሉ። ለአብነት የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት እንደ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ጅማና ድሬዳዋ ባሉ ከተሞች ቅርንጫፎች አሉት።

ጉዞው የግድ ከሆነ ሁለተኛው ጥያቄ ቀጠሮው በየትኛው ቅርንጫፍ ወይም ሕንፃ እንደተያዘ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ወይም ሆስፒታል በተለያዩ ሰፈሮች የሥራ ክፍሎች ሊኖሩት ስለሚችል የተቋሙን ስም ማወቅ ብቻውን በቂ አይደለም። በቀጠሮው ወይም በሪፈር ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቦታ ግልጽ ካልሆነ ከጉዞ በፊት በስልክ ማጣራት ይገባል።

የሥራ ሰዓትም ከግምት መግባት አለበት። የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች በመደበኛነት ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ7፡30 እስከ 11፡30 ይሠራሉ። ዓርብ ዕለት የጠዋቱ ሥራ 5፡30 ላይ ያበቃል። ስለዚህ ዓርብ ረፋድ ላይ ከተማ የሚደርስ ተገልጋይ ጉዳዩ ወደ ሰኞ ሊተላለፍና የሁለትና የሦስት ሌሊት ተጨማሪ የአልጋ ክፍያ ሊጠይቀው እንደሚችል ማሰብ ይኖርበታል።

የከተማዋ አቀማመጥና ትራንስፖርት

አዲስ አበባ በ11 ክፍለ ከተሞች የተዋቀረች ናት። በዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ግን ነዋሪውም ሆነ የታክሲ ረዳቱ የሚጠቀመው በሰፈር፣ በአደባባይ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ስም ነው። አድራሻ ሲጠየቅ ከክፍለ ከተማው በተጨማሪ ቅርብ የሆነውን የታክሲ ወይም የአውቶቡስ ማቆሚያ መያዝ ይጠቅማል።

ከተማዋ ከደቡብ ወደ ሰሜን ከፍ እያለች ትሄዳለች። በአቃቂ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር የሚሆነው ከፍታ በእንጦጦ ተራራ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። የልብ ወይም የመተንፈሻ አካል ሕመም ያለባቸው፣ እግራቸውን የሚያማቸው፣ በዕድሜ የገፉና ነፍሰ ጡር የሆኑ እንግዶች ዳገት ከሚበዛባቸው የሰሜን ሰፈሮች ይልቅ ሜዳማ ቦታ ቢመርጡ ይመረጣል። ከቆላማ አካባቢ የሚመጡ ደግሞ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ የሚደረብ ልብስ መያዝ አለባቸው።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች አሉት። አንዱ ከአያት በመገናኛ በኩል እስከ ጦር ኃይሎች ይዘልቃል። ሌላው ከፒያሳ አቅጣጫ በመርካቶና በልደታ አልፎ ወደ ቃሊቲ ይሄዳል። ሁለቱ መስመሮች ከልደታ እስከ መስቀል አደባባይ በአንድ ሐዲድ ስለሚጓዙ በሜክሲኮ፣ በለገሃር ወይም በስታዲየም አካባቢ ያረፈ እንግዳ በአቅራቢያው ካለው ጣቢያ ወደ አራቱም አቅጣጫ መሄድ ይችላል። ይሁን እንጂ ጠዋትና ማታ መጨናነቅ ስለሚኖር ለቀጠሮ የሚሄድ ሰው በባቡሩ ብቻ መተማመን የለበትም።

የመግቢያ በሮች

የአገር አቋራጭ ተሽከርካሪዎች የሚያስተናግዱት ዋና ዋና መናኸሪያዎች በተለያዩ የከተማዋ ጫፎች ይገኛሉ። ከመርካቶው አውቶቡስ ተራ በተጨማሪ በሰሜን ምሥራቅ ላምበረት፣ በደቡብ ቃሊቲ፣ በምዕራብ አስኮ፣ በደቡብ ምዕራብ አየር ጤና መናኸሪያዎች አሉ። ከድሬዳዋ መስመር በባቡር የሚመጡ መንገደኞች ደግሞ በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ጠርዝ በሚገኘው የፉሪ ለቡ ጣቢያ ይወርዳሉ። ተሳፋሪው በየትኛው መናኸሪያ እንደሚወርድ ትኬት ሲቆርጥ መጠየቅ አለበት።

በመናኸሪያ አካባቢ አልጋ መያዝ የሚጠቅመው ከመሸ ለደረሰ ወይም ማለዳ ለሚሳፈር ሰው ነው። ለቀናት ለሚቆይ ተገልጋይ ግን ጩኸቱ፣ የሰው ብዛቱና ንብረትን የመጠበቁ ችግር አድካሚ ይሆናል።

ሰፈር እንደ ጉዳዩ ዓይነት

ለሕክምና፦ ወደ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የተላከ ሕመምተኛ በሰንጋ ተራ፣ በሜክሲኮ፣ በልደታ ወይም በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቢያርፍ አጭር ጉዞ ይበቃዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከመርካቶ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ ይገኛል። በመሆኑም ከአምቦ መስመር መጥቶ አስኮ የሚወርድ ሕመምተኛ መርካቶ ድረስ ሳይዘልቅ በዊንጌት ወይም በሆስፒታሉ አካባቢ ማረፊያ መፈለግ ይችላል። አለርት ሆስፒታል በጅማ መንገድ ዘነበ ወርቅ አካባቢ ሲሆን አየር ጤናም በዚያው መንገድ ላይ ነው። ከጅማ መስመር መጥቶ አየር ጤና የወረደ ሰው ለአለርት ቀጠሮ መሀል ከተማ ገብቶ ማደር አያስፈልገውም። የካቲት 12 ሆስፒታል ስድስት ኪሎ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ደግሞ ወደ ቀበና በኩል ስለሚገኙ ለሁለቱም ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎና ቀበና ያለው አካባቢ ይቀርባል።

ለሕመምተኛ ማረፊያ ሲመረጥ ከርቀቱ በተጨማሪ የክፍሉ ሁኔታ መታየት አለበት። ክፍሉ ምድር ቤት ወይም ሊፍት ባለው ሕንፃ ላይ ቢሆን፣ መጸዳጃው በክፍሉ ውስጥ ቢኖር፣ አስታማሚ ያለ ከፍተኛ ጭማሪ አብሮ ማደር ቢፈቀድለትና ለሕመምተኛ የሚስማማ ምግብ በቅርብ ቢገኝ ቆይታው ይቀላል።

ለፍርድ ቤት፦ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ጉዳይ ያለው ባለጉዳይ ልደታ ወይም ሜክሲኮ ቢያርፍ በእግር ወይም በአጭር የታክሲ ጉዞ ይደርሳል። መዝገቡ በየትኛው ምድብ ችሎት እንደሚታይ ከመጥሪያው ላይ ማረጋገጥ ይገባል።

ለንግድ፦ ከመርካቶ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ቢያርፍ የማጓጓዣ ወጪው ይቀንሳል። እሑድ አብዛኞቹ ሱቆች ስለሚዘጉ ቆይታው በሥራ ቀናት ቢሆን ይመረጣል። አልጋ የሚይዝ ነጋዴ ዕቃ ማስቀመጫና ጥበቃ መኖሩን በቅድሚያ መጠየቅ አለበት።

ለአየር ጉዞ፦ ሌሊት ወይም ማለዳ የሚበር መንገደኛ፣ በተለይ ወደ ዓረብ አገራት ለሥራ የሚሄድና ከተማዋን የማያውቅ ሰው፣ የመጨረሻውን ሌሊት በቦሌ ወይም በገርጂ አካባቢ ቢያድር በጨለማ ረጅም መንገድ ከመጓዝ ይድናል።

ዘመድ ቤት ማረፍ

ብዙ እንግዶች አልጋ ከመያዝ ይልቅ ዘመድ ቤት ያርፋሉ። ይህ ወጪ ይቀንሳል፤ ለታመመ ሰውም ያጽናናል። ሆኖም ቀደም ሲል መሀል ከተማ ይኖሩ የነበሩ በርካታ ቤተሰቦች ዛሬ እንደ ጀሞ፣ የካ አባዶና ቱሉ ዲምቱ ባሉ በከተማዋ ዳርቻ በሚገኙ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ይኖራሉ። ከእነዚህ ሰፈሮች ለማለዳ ቀጠሮ መሀል ከተማ ለመድረስ ገና ሳይነጋ መነሳት ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ሌላውን ጊዜ ዘመድ ቤት ማሳለፍና የቀጠሮውን ዋዜማ ብቻ በሆስፒታሉ ወይም በመሥሪያ ቤቱ አቅራቢያ ማደር ለሁለቱም ወገን የተሻለ አማራጭ ነው። ይህንንም ለዘመድ አስቀድሞ ቢገልጹት ቅሬታ አያስከትልም።

የሰፈሮች መለወጥ

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተከናወነው የኮሪደርና የመልሶ ማልማት ሥራ በፒያሳ፣ በካዛንቺስና በሌሎችም ሰፈሮች በርካታ ነባር ቤቶች ተነሥተዋል፤ መንገዶችም ተለውጠዋል። ከዚህ ቀደም ያረፉበትን አልጋ ተማምነው የሚመጡ እንግዶች ቦታው ላይ ሌላ ግንባታ ሊጠብቃቸው ይችላል። የሚያውቁት ማረፊያ አሁንም አገልግሎት እየሰጠ መሆኑን ከመነሳታቸው በፊት በስልክ ማረጋገጥ አለባቸው።

አልጋ ከመያዝ በፊት

አንደኛ፣ ክፍሉን ሳያዩ ክፍያ አለመፈጸም። ሁለተኛ፣ የተነገረው ዋጋ ለአንድ ሌሊት መሆኑንና ሌላ ተጨማሪ ክፍያ አለመኖሩን መጠየቅ፣ ደረሰኝም መቀበል። ሦስተኛ፣ የውኃ አቅርቦት፣ የበር ቁልፍና የሌሊት ጥበቃ መኖሩን ማየት። አራተኛ፣ በሩ ማታ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋና ማለዳ ለሚወጣ ሰው እንደሚከፈት መጠየቅ። እንግዳ መታወቂያ ስለሚጠየቅ ዋናውን በእጅ መያዝ፣ ቅጂውን ደግሞ ከሰነዶቹ ለይቶ ማስቀመጥ ይመከራል።

በመናኸሪያ በር ላይ ተቀብለው ዕቃ የሚሸከሙና አልጋ የሚጠቁሙ ሰዎች ኮሚሽን የሚያገኙ ደላሎች ሊሆኑ ይችላሉ። በመሥሪያ ቤት ወይም በሆስፒታል ደጃፍ “ጉዳይ አስጨርሳለሁ” ለሚል ሰው ደግሞ ሰነድም ሆነ ገንዘብ መስጠት አይገባም። ብቻቸውን የሚጓዙ ሴቶችና ወጣቶች ሳይመሽ እንዲደርሱ፣ የማረፊያቸውን ስምና ስልክም ለቤተሰብ እንዲያሳውቁ ይመከራል። አደጋ ሲያጋጥም ለፖሊስ 991፣ ለእሳት አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መደወል ይቻላል።

ማረፊያ የሚጣበብባቸው ጊዜያት

የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በሚካሄድባቸው የየካቲት ወር መጀመሪያ አካባቢ ባሉት ቀናት ሆቴሎች ይሞላሉ፤ የተወሰኑ መንገዶችም ለተሽከርካሪ ይዘጋሉ። ለመስቀል በዓል በመስቀል አደባባይ፣ ለጥምቀት በጃን ሜዳ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ብዛት በአቅራቢያው ያሉ ሰፈሮችን እንቅስቃሴ ይገታል። በክረምት ደግሞ ዝናቡ የታክሲ ሰልፉን ስለሚያረዝመው ለጉዳዩ ቦታ ቅርብ የሆነ ማረፊያ ይበልጥ ያስፈልጋል።

በአጠቃላይ ተገልጋዩ ከቤቱ ሲነሳ አራት ነገሮች በጽሑፍ ሊይዝ ይገባዋል፤ እነሱም ጉዳዩ የሚፈጸምበት ትክክለኛ ቦታ፣ የሚወርድበት መናኸሪያ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ሰፈርና በዚያ ሰፈር የሚያርፍበት ቤት ስልክ ቁጥር ናቸው። የአልጋ ዋጋ የሚነጻጸረው ከዚህ በኋላ፣ ለጉዳዩ በሚቀርቡ ማረፊያዎች መካከል ነው።