ሥጋ የሌለበት ናፍቆት፦ የኩባ የሰፈር ምግብ ቤቶች ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ ወጥ ነው። ኩባውያን «ሮፓ ቪየሃ»፣ ማለትም «አሮጌ ልብስ» ይሉታል። የበሬ ሥጋ እስኪላላ ተቀቅሎ እንደ ክር ከተለተለ በኋላ በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ ይሠራል፤ ከሩዝና ከጥቁር ቦሎቄ ጋር ይቀርባል። ኩባዊ ስለ እናቱ ጓዳ ሲጠየቅ ቀድመው ከሚታወሱት ምግቦች አንዱ ነው። ታዲያ ይህ የቤት ወጥ ለአሥርተ ዓመታት ከሀቫና ይልቅ በማያሚ የሰፈር ምግብ ቤቶች በቀላሉ ሊገኝ የቻለው ስለ ምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ናፍቆት ነው፤ ስደተኛ የአገሩን ምግብ አጥብቆ ይይዛል ይባላል። እኔን ይህ መልስ አያጠግበኝም። ናፍቆት ሥጋ አያቀርብም። የምግብ ቤትን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሥጋው ከወዴት እንደ መጣ መጠየቅ ይኖርበታል።

በኩባ የራሽን ደብተር ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። በቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ ስኳር የገዛ አድማጭ የዚያን ደብተር ኃይል ለመረዳት የእኔ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ1968 ደግሞ መንግሥት ከ50 ሺህ በላይ የሚሆኑ አነስተኛ የግል ድርጅቶችን ወረሰ፤ የመንገድ ዳር ምግብ ሻጮች ሳይቀሩ በዚሁ ተጠቃለሉ። ከብቱም በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነበር። የገዛ በሬውን ያለ ፈቃድ ያረደ ገበሬ በወንጀል ይጠየቅ ነበር፤ ይህ ሕግ የላላው በ2021 ነው።

በማያሚ ጉዳዩ ሌላ ነው። በዚያ ሥጋ በገበያ ሞልቷል። ፌሊፔ ቫልስ በ1971 በስምንተኛው ጎዳና ላይ «ቬርሳይ» የተባለውን ምግብ ቤት ሲከፍት፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቡና የሚጠጣውና ስለ ፖለቲካ የሚከራከረው ደንበኛ አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው ነበር። በስደት የተጠበቀው ገበታ ግን የመላው ኩባ ገበታ ነው ማለት ያስቸግራል። ቀድመው የተሰደዱት በአመዛኙ የከተማ ባለሀብቶችና ባለሙያዎች ነበሩና፣ ይዘውት የሄዱት ትዝታም የእነርሱኑ ማዕድ የሚያሳይ ነው።

ሶቭየት ኅብረት በ1991 ከፈረሰች በኋላ በኩባ ረኃብ ቀረሽ ዘመን መጣ። ቤተሰቦች ሳሎናቸውን ወደ ምግብ ቤትነት ለወጡ። እነዚህ ቤቶች «ፓላዳር» ተባሉ፤ ስሙ የተወሰደው «ቫሌ ቱዶ» ከተሰኘው የብራዚል ተከታታይ ድራማ ሲሆን፣ በድራማው አንዲት ድኻ ሴት ምግብ በመሸጥ ራሷን ትችላለች። ሕዝብ ለገዛ ኑሮው ስም ከቴሌቪዥን መዋሱ በእኔ ግምት ከብዙ ኦፊሴላዊ ሰነድ የበለጠ ይናገራል።

በ1995 መንግሥት ፓላዳሮችን ሲፈቅድ የወንበሮቹን ቁጥር በ12 ገደበ፤ የበሬ ሥጋና ሎብስተር እንዳያቀርቡም ከለከለ። «አሮጌ ልብስ» በበግ ሥጋ የሚሠራበት ልማድ በሀቫና የተስፋፋው እንዲህ ባለ እጥረት ውስጥ ነው። ዛሬ አንዳንድ ጎብኚ የበጉን ወጥ ጥንታዊ ነው ብሎ ሲያደንቅ፣ ሌላው የማያሚውን ብቻ «እውነተኛ» ይለዋል። ሁለቱም የአቅርቦትን ታሪክ የባህል ታሪክ አድርገው አንብበዋል።

ከ1968 እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ በነበረው ጊዜ ከቤት ውጭ የሚበላው በአብዛኛው በመንግሥት መመገቢያ አዳራሽ ነበር። የምግብ ዝርዝሩ ያልነገረንን እዚያ የበላ ሰው ሊነግረን ይችላል። በደርግ ዘመን ተልከው በወጣቶች ደሴት ትምህርት ቤቶች ያደጉ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ከእነዚህ ሰዎች መካከል ናቸው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ መቅረጸ ድምፅ ይዛችሁ በሳህኑ ላይ ምን እንደ ነበረ፣ በየስንት ቀኑ ሥጋ እንደ ቀረበ፣ እሑድ ከሰኞ ይለይ እንደ ሆነ ጠይቋቸው።