የቅኔ ቤት የቤት ሥራ፦ በቢቸናና በሞጣ ፍልስፍናን ስለማስተማር

በቢቸና ወይም በሞጣ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ወጣት ፍልስፍናን በስሙ የሚያገኘው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሲመለሱ የሎጂክና የሂሳዊ አስተሳሰብ ትምህርት አብሮ ገብቷል። ከዚያ በፊት ለፍልስፍና ጥያቄ የሚቀርበው የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር፣ አሁን ደግሞ የዜግነት ትምህርት ነው። እዚያ ተማሪው ፍትሕ ምን እንደሆነ ይጠየቃል፤ መልሱ ግን አስቀድሞ በመጽሐፉ ተጽፎ ይጠብቀዋል። አሳይመንቱ ግልበጣ ይሆናል፤ የቡድን ሥራ ከሆነማ አንዱ ይጽፋል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ያስመዘግባሉ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስዶ የኩረጃ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ፣ ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት ይቀርባል፤ የራስን ሐሳብ ያለመጠየቅ ልማድ ግን ከምክንያቶቹ ተራ ሲገባ አይሰማም።

የሚገርመው ቢቸና ዋና ከተማው በሆነችው በእነማይ ወረዳ ውስጥ የቅኔ ትምህርት ማዕከሉ ዲማ ጊዮርጊስ መኖሩ ነው። ከዲማ እስከ ሞጣ ባለው አገር የቅኔ መምህራን ለብዙ ትውልድ ተማሪን በየቀኑ አዲስ ሐሳብ አስወልደዋል። ስለ ቅኔ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚደነቁት በሰምና ወርቁ ነው። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ የቤት ሥራው አሠራር ነው።

ጀማሪው ግስና አገባብ ይዞ ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እየበረታ ሲሄድ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። የዕለቱን ቅኔ ለመቁጠር ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ጥላ ሥር ወይም አጥር ጥግ ይቀመጣል። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ቃሉን በቃል ይለውጣል። ወረቀት የለውም። ሰዓቱ ሲደርስ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ ያዳምጡና ያቃናሉ፦ እዚህ ግሱ አልገጠመም፣ እዚያ ቤቱ ጎደለ፣ ይህ ሰም አለው እንጂ ወርቁ አልታየም። እርማቱ በጉባኤው ፊት ነው፤ የአንዱን ስሕተት ሁሉም ይማርበታል። ትናንት የተነገረን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ፣ ይባስ ብሎ የሌላውን የራስ አስመስሎ መንገር፣ ነውር ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ነጸብራቅ እያለ የሚጠራው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ተማሪው ስለተማረው ነገር ምን እንደተሰማው ነው። እንዲህ ላለ ጥያቄ የማይሆን መልስ የለም፤ ስለዚህም አይታረምም። የቅኔው ሥራ ግን የራስ ሆኖ ሳለ የሚታረም ነው። የፈረንሳይ ተማሪ በባካሎሬያ ፈተና ለአንድ የፍልስፍና ጥያቄ አራት ሰዓት ተሰጥቶት ሲጽፍም የሚለካው በዚሁ መንገድ ነው፦ ሐሳቡ የእርሱ ነው፣ አካሄዱ ግን ደንብ አለው።

ቅኔ ቤት ፍልስፍና ያፈራል ወይ ለሚለው ሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብ የተባለው የፍልስፍና መጽሐፍ ጉዳይ ይነሣል። መጽሐፉ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው ይላል። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ግን በ1920 እ.ኤ.አ. ደራሲው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እጅ ጽሑፉን ለአንቷን ዳባዲ የላከው ካፑቺኑ ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ፤ ክላውድ ሰምነር ደግሞ ለመጽሐፉ ኢትዮጵያዊነት ተሟገተ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ለዚህ መጣጥፍ የሚጠቅመው ተራኪው ስለ ትምህርቱ የሚለው ነው፦ ድምፁ ሻካራ ስለነበር ዜማው አልሆነለትም፣ ጓደኞቹ ሳቁበት፣ ወደ ቅኔና ሰዋስው መምህር ሄደ። ደራሲው ማንም ይሁን፣ የሚመረምር ሰው ለመፍጠር ሲፈልግ በቅኔ ቤት አሳልፎታል። መጽሐፉም የተጻፈው ተማሪው ወልደ ሕይወት ስለጠየቀ መሆኑ ተነግሯል።

እዚህ ላይ ቅኔ ቤትን ማሞካሸት ቀላል ነው። ነገር ግን የተማሪው ነፃነት በአነጋገሩ ላይ እንጂ በመነሻው ላይ አልነበረም፤ የሃይማኖቱን መሠረት ክዶ የኔታ ፊት የሚነግር የለም። ሴቶችም በአብዛኛው ከደጅ ነበሩ፤ በጽላሎ ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው የገነነው አንድም በብርቅነታቸው ነው። ፍልስፍና መነሻውንም መጠየቅ ስላለበት ዘዴው እንዳለ አይገለበጥም።

ሊወሰድ የሚችለውን በምሳሌ ላሳይ። መምህሩ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት ይሰጣል። ተማሪው ተረቱ ማንን እንደሚጠቅም በአንድ አንቀጽ ይጽፋል፤ በሁለተኛው አንቀጽ ንጉሥ የሚከሰስበትን ምክንያት አቁሞ ይከራከራል። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጦ በቃሉ ይናገራል፤ ክፍሉም ይጠይቀዋል። ቀድሞ የተነገረን መከራከሪያ የደገመ ሌላ ይዞ እንዲመጣ ይመለሳል። እንዲህ ያለ የቤት ሥራ ሰው ጽፎለት ወይም ከስልክ ቀድቶ ለሚመጣ ተማሪ አይመችም፤ ጥያቄው ሲመጣ ብቻውን ይቆማልና።

የመምህራን ተቃውሞ ይታወቃል፦ ክፍሉ ሞልቶ የፈሰሰ ነው፣ ሁሉን ማን ሰምቶ ይጨርሳል? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ሁኔታ ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል። ቅኔ ቤትም ግን አንድ መምህር ብዙ ተማሪ ይዞ ነው የኖረው። የጀማሪዎቹን ቅኔ በቅድሚያ የሚሰሙት የበረቱት ተማሪዎች ናቸው፤ የኔታ ዘንድ የሚደርሰው በእነርሱ የተጣራው ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የ9ኛውን ክርክር ሰምቶ ቢያርም፣ ከሁለቱ ይበልጥ የሚማረው ምናልባት አራሚው ነው።