የዩኒክስ የኔትወርክ ትዕዛዞች ከበርክሌይ እስከ «አይፒ»

የዩኒክስ ባለሙያ ኮምፒውተርን ከኔትወርክ ጋር ለማገናኘትና ብልሽትን ለመፈለግ ለረጅም ዘመን የተገለገለባቸው አጫጭር ትዕዛዞች አብዛኞቹ የተወለዱት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ነው። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ከአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ተቋም ከዳርፓ ባገኙት ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጡት 4.2 ቢኤስዲ የተባለው የዩኒክስ ዝርያ፣ ኮምፒውተሮች የሚግባቡበትን የቲሲፒ/አይፒ ደንብ ከመያዙም በላይ፣ ለኔትወርክ ካርድ አድራሻ የሚሰጠውን «አይኤፍኮንፊግ»ን፣ መረጃ የሚሄድበትን መንገድ የሚያስይዘውን «ራውት»ን እና የተከፈቱ ግንኙነቶችን የሚዘረዝረውን «ኔትስታት»ን ይዞ ወጣ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ማይክ ሙስ በሜሪላንድ በሚገኝ የጦር ሠራዊት ቤተ ሙከራ፣ ሌላው ኮምፒውተር መልስ መስጠቱን የሚፈትነውን «ፒንግ»ን በአንድ ሌሊት ጻፈ፤ ስሙንም ያወጣለት በባሕር ውስጥ ድምፅ ልኮ ማሚቶውን ከሚያዳምጠው ከሶናር ድምፅ ነው።

እነዚህ ትዕዛዞች አንድ ችግር በገጠመ ቁጥር አንድ በአንድ የተሠሩ እንጂ በአንድ ዕቅድ የተነደፉ አልነበሩም፤ ስለዚህም እያንዳንዱ የራሱ አጻጻፍና የራሱ የውጤት አቀራረብ ነበረው። ዩኒክስን መስሎ የተሠራው ሊኑክስም «ኔት-ቱልስ» በተባለ ጥቅል ሲያሰባስባቸው ይህንኑ መልካቸውን እንዳለ ወረሰ።

የጥንቱ መልክ ጉድለት የታየው የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ፕሮግራም፣ ሲለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ከርነል 2.2 የኔትወርክ ክፍሉ እንደ አዲስ ተሠርቶ፣ ፕሮግራሞች ከከርነሉ ጋር መልእክት የሚለዋወጡበትን «ኔትሊንክ» የተባለ መስመር ለዚህ ሥራ አዋለ፤ ሩሲያዊው አሌክሲ ኩዝኔትሶቭም በዚሁ መስመር የሚነጋገረውን «አይፒራውት2» የተባለ ጥቅል አዘጋጀ። በጥቅሉ ውስጥ ያለው «አይፒ» የተባለ አንድ ትዕዛዝ ቀድሞ በ«አይኤፍኮንፊግ»፣ በ«ራውት» እና የጎረቤት ኮምፒውተሮችን የካርድ አድራሻ በሚያሳየው በ«አርፕ» ተከፋፍሎ የነበረውን ሥራ ጠቅልሎ ያዘ፤ ተጠቃሚው መጀመሪያ ነገሩን (አድራሻ፣ መንገድ ወይም ጎረቤት)፣ ቀጥሎ ድርጊቱን (ጨምር፣ ሰርዝ ወይም አሳይ) ስለሚጽፍ፣ አንዱን የተማረ ሌላውንም ያውቀዋል።

አሮጌው ትዕዛዝ ግን ሥራውን ሳያቆም እውነቱን ማጉደል ጀመረ። በአዲሱ ትዕዛዝ ለአንድ ካርድ የተለየ መለያ ስም ሳይሰጠው ሁለተኛ አድራሻ የተጨመረለት እንደሆነ፣ ኮምፒውተሩ በሁለቱም አድራሻ ሲጠሩት ይመልሳል፤ የሊኑክሱ «አይኤፍኮንፊግ» ግን የመጀመሪያውን ብቻ አሳይቶ ዝም ይላል። ስህተት መኖሩን የሚናገር መሣሪያ ይታረማል፤ ጎደሎ መልስ እንደ ሙሉ አድርጎ የሚሰጥ መሣሪያ ግን የሚያምነውን ባለሙያ ያሳስተዋል፤ ከጉድለቶቹ ሁሉ ከባዱም ይህ ነበር።

ይህም ሆኖ ሽግግሩ እጅግ ዘገየ፤ ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት «ኔት-ቱልስ»ን ከመደበኛ ጭነቱ ያስወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 9ኛ እትሙ ነው። ምክንያቱ የእጅ ልማድ ብቻ ሳይሆን፣ ከ«አይኤፍኮንፊግ» ውጤት ላይ የተወሰነ ቃል እየፈለጉ አድራሻውን ቆርጠው የሚያወጡ ስክሪፕቶች፣ ማለትም ተከታታይ ትዕዛዞች የተጻፉባቸው ፋይሎች፣ በየሰርቨሩ መብዛታቸው ነው፤ የኋላ የ«ኔት-ቱልስ» እትሞች ከአድራሻው በፊት ትጻፍ የነበረችውን አንዲት ቃል ሲያስወግዱ እንኳ ብዙ ስክሪፕት ተበላሽቷል።

የርቀት መግቢያ ትዕዛዞች ዕጣ ከዚህ ይለያል። «ቴልኔት» እና «አርሎጊን» የይለፍ ቃልን ሳይሰውሩ ስለሚያስተላልፉ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች ሲጠለፉ ታቱ ዩሎነን ሁሉንም የሚያመሰጥረውን «ኤስኤስኤች»ን ጻፈ። አደጋው በዓይን የሚታይ መሆኑ ትዕዛዙን ቶሎ አስፋፋው፤ ከዚህ የማያንሰው ምክንያት ግን አጠቃቀሙ እንደ ቀድሞዎቹ በመሆኑ ባለሙያው ስሙን ብቻ ለውጦ ሥራውን መቀጠል መቻሉ ነው፤ «አይፒ» ግን አዲስ ሰዋስው መማርን ጠየቀ።

ከበርክሌይ በቀጥታ የወረደው ፍሪቢኤስዲ በበኩሉ «አይኤፍኮንፊግ»ን በሌላ አልተካም፤ ገመድ አልባውን ግንኙነትና ሌላውንም አዲስ ሥራ በዚያው ትዕዛዝ ላይ እየጨመረ አሳደገው እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 14ኛ እትሙም ስሙን ሳይለውጥ፣ በሊኑክስ ዘንድ «አይፒ» በሚነጋገርበት በኔትሊንክ ከከርነሉ ጋር እንዲነጋገር አድርጎታል።