የፀረ ኤድስ ክበቦችና ከክበቡ ውጭ የቀረው ወጣት

«አቻ» የሚለው ቃል በአማርኛ በዕድሜ፣ በማዕርግ ወይም በኑሮ እኩል የኾነን ሰው ያመለክታል። አባቶቻችን «አቻ ላቻ ጋብቻ» ሲሉ ሀብትንና ዘርን መዝነው ነበር። ከቅርብ ዐሥርተ ዓመታት ወዲህ ግን ለዚሁ ቃል አዲስ ሥራ ተሰጠው፤ ወጣት ለወጣት ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ሱስ እንዲነግር በየትምህርት ቤቱ ክበብ ሲቋቋም ሥራው «የአቻ ለአቻ ትምህርት» ተባለ። በዚህ አጭር ጥናት ልመረምረው የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የክበቡ ተናጋሪ በእውነት የማን አቻ ነበር? የሚለው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ከመጽሐፍ ብቻ የመጣ አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን የፈጸምኹት በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በአጥሩ በር አጠገብ «ፀረ ኤድስ ክበብ» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ቀለሙ የተላላጠ ቆርቆሮ ተሰቅሎ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ መምህራችን ጠባያቸው የተመሰገነ ልጆችን መርጠው ለክበቡ ሲያስመዘግቡ እኔም አንዱ ኾንኹ። ሥራችን በዓመት አንድ ቀን፣ ኅዳር 22 በሚውለው በዓለም የኤድስ ቀን፣ ቀይ ሪባን ሰክተን፣ ካናቴራ ለብሰን ግጥም ማንበብና ድራማ መጫወት ነበር። በድራማው ሰካራሙ ሁልጊዜ በመጨረሻ ይሞታል፤ ተመልካቹም ያጨበጭባል። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ አንድ የሰፈሬ ልጅ ግን በዚያው ሰዓት ከገበያው ጀርባ ባለው ጫት ቤት ይቅም ነበር። አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘኝና ካናቴራዬን እያየ፣ «ይኼን ነገር የምትነግሩት ለማን ነው? እርስ በርሳችሁ ነው እንዴ?» አለኝ። የምመልስለት አጣኹ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ለመያዝ ያህል፣ በአገራችን የቫይረሱ ምልክት በደም ምርመራ መጀመሪያ የተገኘው በ1984 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የኤድስ ሕሙማን የታወቁት ደግሞ በ1986 ነው። ሕዝቡ በሽታውን «አመንምን» ብሎ ጠራው፤ ስሙ የሕመምተኛውን መክሳት እንጂ የበሽታውን መተላለፊያ አይናገርም። ሰውን ለማስጠንቀቅ በየአደባባዩ ከተሰቀሉት ሥዕሎችም ብዙዎቹ የራስ ቅልና የመነመነ ሰውነት የሚያሳዩ ነበሩ። ፍርሀት ሰውን ለጥቂት ጊዜ ያስደነግጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሕመምተኛውን ያሸሽገዋል። ታመመ የተባለ ሰው ከኪራይ ቤቱ ሲባረር፣ የሚበላበት ሳሕንና የሚጠጣበት ብርጭቆ ሲለይበት ያዩ ታላላቆቻችን ዛሬም ያስታውሱታል።

በእኔ አስተያየት የአቻ ለአቻ ሥራ በኢትዮጵያ በእውነት የተጀመረው በትምህርት ቤት አይደለም። የተጀመረው ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ራሳቸው ተሰብስበው በ1997 መቅድምን፣ በ1998 ደግሞ ተስፋ ጎህን ባቋቋሙ ጊዜ ነው። ከእነዚህ ማኅበራት አንድ ሰው በሕዝብ ፊት ተነሥቶ ስለ ራሱ ሲናገር የሚሰማው ሰው የራስ ቅል ሥዕል አያይም፤ ጎረቤቱን ያያል። ተናጋሪው ከተናገረ በኋላ ሥራውንም ቤቱንም ሊያጣ ይችል ነበር። እኛ ተማሪዎቹ በኅዳር 22 መድረክ ላይ ስንቆም የምናጣው ምንም ነገር አልነበረም።

በ1998 መንግሥት ስለ ኤች አይ ቪ ኤድስ ብሔራዊ ፖሊሲ አወጣ። በ2000 ብሔራዊ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት የዓለም ባንክ ወደ 60 ሚሊዮን የሚጠጋ የአሜሪካ ዶላር ብድር ፈቀደ። ከዚህ በኋላ በየቀበሌውና በየትምህርት ቤቱ ክበቦች እንደ አሸን ፈሉ። ድምፃውያን በኅብረት የተጫወቱት «ማለባበስ ይቅር» የተባለው ዘፈንም ከሬዲዮ አልፎ የሰው ሁሉ መፈክር ኾነ። ክበቦቹን መናቅ ግን ተገቢ አይደለም። ልጅ በአባቱ ፊት የማይጠራውን ነገር በመምህራንና በወላጆች ፊት በስሙ እንዲጠራ ያደረጉት እነርሱ ናቸው። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ስለ ኮንዶም በአደባባይ መናገር ምን ያህል ነውር እንደ ነበረ ለሚያውቅ ሰው።

ይኹን እንጂ ክበቡ የሰበሰበው ማንን ነው? በ2005 ዶክተር ደረጀ ከበደና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 24 ዓመት የኾነ የ20,434 ወጣቶች መልስ ተመርምሯል። በ12 ወራት ውስጥ ጥንቃቄ የጐደለው የግብረ ሥጋ ግንኙነት የፈጸሙት ከትምህርት ቤት ውጭ ካሉት ከ20 በመቶ በላይ ሲኾኑ፣ ከተማሪዎቹ ግን 1.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዕድሜና ኑሮ ለዚህ ልዩነት ድርሻ ሊኖራቸው ቢችልም፣ ልዩነቱ በጣም ሰፊ ነው። እንደዚሁም በየቀኑ ጫት የሚቅሙት ከማይቅሙት ይልቅ ለዚህ አደጋ የመጋለጥ ዕድላቸው ከ2 እጥፍ በላይ፣ በየቀኑ አልኮል የሚጠጡት ደግሞ ከማይጠጡት 3 እጥፍ ያህል ኾኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ክበቡ የቆመው እሳቱ ካለበት ቤት ሳይኾን ከጎረቤቱ ነበር ማለት ነው።

ጫት ቤት ገብቶ ያየ ሰው ቁጥሮቹ አያስደንቁትም። በርጫው ከምሳ በኋላ ይጀመራል፤ ለውዝ፣ ውሃና ለስላሳ ይቀርባል፤ ጨዋታው ይሞቃል። ወደ ማታ ምርቃናው ሲይዝ እያንዳንዱ ነገውን ያቅዳል፤ ሥራ የሌለው ባለ ፋብሪካ ይኾናል። ከዚያ በኋላ ዝምታ፣ መቅበጥበጥ፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ይህን ለመስበር የሚጠጣው ቢራ ወይም አረቄ «ጨብሲ» ይባላል። ጥንቃቄ የሚረሳውም ከጨብሲው በኋላ ነው። ጫቱ፣ መጠጡና ከዚያ የሚከተለው ነገር የአንድ ቀን አንድ ሰንሰለት ናቸው። እኛ በክበባችን የምናነበው ወረቀት ግን ሱስን በአንድ ምዕራፍ፣ ኤች አይ ቪን በሌላ ምዕራፍ ለይቶ የሚያስተምር ነበር። «ጨብሲ» የሚለው ቃል በውስጡ አልነበረም፤ ብናውቀውም ኖሮ በሚሲዮን ግቢ ለመጥራት የምንደፍር አይመስለኝም።

አቻውን ማን ይምረጥ? የሚለው ጥያቄ በሌላም አገር የተነሣ ስለ ኾነ ሁለት ምሳሌ ላንሣ። በአምስተርዳም ከተማ በ1984 ንጹሕ መርፌ ማደል የተጀመረው በአደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚዎች ማኅበር ጥያቄና ጥረት ነው። በዚያን ጊዜ የፈሩት በደም የሚተላለፈውን የጉበት በሽታ ነበር፤ ኋላ ግን ሥራው ለኤች አይ ቪም መከላከያ ኾነ። ሁለተኛው በአሜሪካ ደቡብ፣ በሚሲሲፒ ግዛት በቢሎክሲ ከተማ የተደረገውና ጄፍሪ ኬሊ በ1991 ያሳተመው ጥናት ነው። ጥናቱ የተደረገው በመጠጥ ቤት በሚሰበሰቡ፣ ከወንድ ጋር ግንኙነት ባላቸው ወንዶች መካከል ነው። ኬሊ ፈቃደኛ ይምጣልኝ ብሎ ማስታወቂያ አልለጠፈም፤ የመጠጥ ቤቱ አሳላፊዎች ከደንበኞቹ መካከል ሰው ሁሉ የሚወደውና የሚሰማው ማን እንደ ኾነ አይተው እንዲነግሩት ጠየቀ እንጂ። የተመረጡት ሠልጥነው ከጓደኞቻቸው ጋር እንደ ተራ ጨዋታ ተነጋገሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ያለ ኮንዶም ግንኙነት የፈጸሙት ቁጥር ከ36.9 ወደ 27.5 በመቶ ወረደ።

ይህን ዘዴ እንደ ተአምር መቁጠር ግን አይገባም። በቻይና፣ በህንድ፣ በፔሩ፣ በሩሲያና በዚምባብዌ ተሞክሮ በ2010 ውጤቱ ሲታወቅ፣ ዘዴው የተሠራበትም ያልተሠራበትም ወገን ስለ ተሻሻለ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ኾኖም የአሳላፊዎቹ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። የእኛን ክበብ አባላት የመረጡት መምህር ናቸው፤ መምህር ደግሞ በጫት ቤት ማን እንደሚሰማ ሊያውቁ አይችሉም።

ከ2005 ጀምሮ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ ስለ ተሰጠ ሞት ቀነሰ፤ ፍርሀቱም ከሞቱ ጋር ቀነሰ፤ ብዙ ክበቦችም ከፍርሀቱ ጋር ተዳከሙ። ስለ መጠጥ በ2019 የወጣው ሕግ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል እንዳይሸጥ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥንም እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ሲያቆም፣ ጤና ሚኒስቴር በዚሁ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩትን ወደ 5,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ውል ማቋረጡ ተነግሯል። ካናቴራውም፣ የውሎ አበሉም፣ ወረቀቱም ከውጭ በመጣ ገንዘብ የተሠራ ስለ ነበረ፣ ገንዘቡ ሲቀር የሚቀረው ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገረው ንግግር ብቻ ነው።

ስለዚህ ባለፈው ክረምት ወደ ትውልድ ከተማዬ ስመለስ ያንን የሰፈሬን ልጅ ፈልጌ አብሬው ወደ ጫት ቤቱ ገባኹ። ሰባት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ምርመራ የት እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃሉ፤ ከጨብሲ በኋላ ስለሚኾነው ነገር ግን ማንም ጠይቋቸው እንደማያውቅ ነገሩኝ። ስወጣ ጫቱን የሚሸጡትን ሴት፣ «እትዬ፣ ከእነዚህ ልጆች መካከል ሌሎቹ የሚሰሙት ማንን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቅጠሉን በኮባ እየጠቀለሉ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ የሁለት ልጆችን ስም ጠሩልኝ።