የሼንዘን አውቶቡሶች ወደ ኤሌክትሪክ ሽግግር

በደቡብ ቻይና ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር የምትገኘው ሼንዘን ከተማ በናፍጣ ይሠሩ የነበሩ የሕዝብ አውቶቡሶቿን በባትሪ በሚሠሩ የተካችበት መርሐ ግብር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ 16,359 አውቶቡሶቿ በሙሉ ኤሌክትሪክ ሆኑ፤ ሽግግሩን ያጠናቀቀች የመጀመሪያዋ ታላቅ ከተማም ሆነች።

መነሻው የቻይና መንግሥት በ2009 የጀመረው የሙከራ ፕሮግራም ነው። በ2011 ከተማዋ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ውድድርን ስታስተናግድ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች በብዛት መታየት ጀመሩ። የአውቶቡሶቹ ዋና አምራች የሆነው ቢዋይዲ ኩባንያ መቀመጫው በዚያው ከተማ ነው።

ዋናው ፈተና የመግዣ ዋጋው ነበር። የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ከናፍጣው እጅግ ስለሚወደድ፣ የማዕከላዊውና የከተማው መንግሥት ድጎማ ከዋጋው ከፍተኛውን ድርሻ ሸፈነ። በተጨማሪም የፋይናንስ ተቋማት አውቶቡሶቹን ገዝተው ለትራንስፖርት ድርጅቶች በኪራይ መልክ አቀረቡ፤ አምራቹም ለባትሪው የ8 ዓመት ዋስትና ሰጠ። ዋስትናው ከአውቶቡሱ የአገልግሎት ዘመን ጋር እኩል በመሆኑ፣ የባትሪ መድከም ኪሳራ በድርጅቶቹ ላይ አልወደቀም፤ ከአሠራሩ ሁሉ ብልሃት የሚታይበትም ይኸው ነው።

አውቶቡሶቹ በአብዛኛው ኃይል የሚሞሉት የኤሌክትሪክ ታሪፍ በሚቀንስበት ሌሊት ነው። ለኃይል መሙያ ጣቢያ የሚሆን መሬት ማግኘት ግን በተጨናነቀችው ከተማ አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል።

ሽግግሩ የጎዳና ላይ ጭስንና ጫጫታን ቀንሷል። የካርቦን ልቀት ቅነሳው ግን የአካባቢው ኤሌክትሪክ ከድንጋይ ከሰል በሚመነጭበት መጠን ይወሰናል። ከአውቶቡሶቹ ቀጥሎ የከተማዋ ታክሲዎች ወደ ኤሌክትሪክ ተዛውረዋል።